የእናቶቻችን ስም በምርጫ መዝገብ

በእንጅባራ በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ በማኅበራችን ስም የቀረበ ንግግር



እዚህ ስንሰበሰብ የለመድነው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ ድንች ዘርና ስለ ዲከረንስ ችግኝ መነጋገር ነው። ዛሬ ስለ ስም እናወራለን። የምርጫ መዝገብ ለቤተሰብ ታሪክ ምን ይጠቅማል የሚል ነው ርዕሳችን። ምርጫ ሲባል ፖለቲካ የመጣ የመሰላችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፤ ማን ማንን መረጠ የሚለውን አንነካም። መዝገቡም አይነግረንም።

ነገሩን ያነሣው ችግር ነው። ከአባሎቻችን አንዷ፣ እናቷ ካረፉ በኋላ የእናቷን የመሬት ይዞታ ለመውረስ ማስረጃ ተጠየቀች። ሟቿን አገሩ የሚያውቃቸው በቤት ስማቸው ነው። በእድሩ ደብተር የሰፈሩት በባለቤታቸው ስም ሥር ነው። በይዞታ ደብተሩ ደግሞ የመዝገብ ስማቸው አለ። ሦስቱም አንዲት ሴት መሆናቸውን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ወረቀቶቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ሊመሰክሩ ከሚችሉት አረጋውያን አንዱ አርፈዋል፣ የአንዷ ጆሮ ከብዷል። በመጨረሻ ልጅቱ የእናቷን ሙዳይ ስትፈትሽ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የመራጭነት ካርድ አገኘች። የእናቷ ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ ዕድሜያቸውና ቀበሌያቸው ተጽፎበታል። ከይዞታ ደብተሩ ጋር ገጠመ። ካርዱ ብቻውን ጉዳዩን አልጨረሰውም፤ ምስክሮቹ የሚናገሩትን የሚደግፍ ወረቀት ግን ሆነላት። «እኛስ በየሳጥናችን ምን አለን?» እየተባባልን መጠያየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እስቲ አስቡት። ትውልድ መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ለጋብቻ ሲታጭ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንዳለ እንደሌለ ይጣራል፤ ያንን ቆጠራ በአባትም በእናትም በኩል አብጠርጥረው የሚያውቁት ብዙ ጊዜ አሮጊቶቻችን ናቸው። በጎጃም የርስት ሥርዓትም ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱ ብቻ አልነበረም። በእናቱ፣ በሴት አያቱ፣ በቅድመ አያቱ እናት ጭምር እየቆጠረ አቅኚው አባት ድረስ ይወጣና «ድርሻዬን» ይላል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ይህን በጎረቤታችን በዳሞት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞበታል። መሬት የሚገኝባት ከሆነች ሴት አያት አትረሳም ነበር ማለት ነው። በቃል እስከሆነ ድረስ።

ወደ ወረቀት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ግብሩ ባብዛኛው የሚጻፈው በወንድ ስም ነበር። ደብዳቤው፣ ሹመቱ፣ የዳኝነት ወረቀቱ ሁሉ የወንዶች ነው። የራሳችንንም አፈ ታሪክ እንየው። ሰባት ቤት አገው የሰባት ወንድማማቾች ልጆች ነን እንላለን፤ አንካሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም እያልን እንቆጥራለን። ሚስቶቻቸው እነማን ነበሩ? እህትስ አልነበራቸውም? ይህን ጥያቄ በአንድ የቡና ላይ ወሬያችን ያነሡት አንዲት እናት ሁላችንንም አሳቁን፤ መልስ የሰጣቸው ግን የለም።

በመንግሥት መዝገብ ላይ ሴት በራሷ ስም፣ በራሷ መብት፣ የማንም ሚስት ሳትባል እንድትሰፍር በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ምርጫ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ አላደረገም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ወንድም ሴትም እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያው ምርጫ ፓርላማ ገቡ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ነበር። በደርግ ጊዜ በ1979 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎ ድምፅ ተሰጠ። በኋላ በ1986 የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ፣ ቀጥሎ በ1987፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2002፣ በ2007 እና በ2013 ዓ.ም. አገራዊ ምርጫዎች መጡ። በእያንዳንዱ ምርጫ ስም ተጽፏል። ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ እነዚህ ዓመቶች እንደ መሰላል ደረጃ ናቸው፤ አንዲት ሴት በአንደኛው ደረጃ ላይ ታይታ በሚቀጥለው ላይ ከጠፋች የሚጠየቅ ነገር አለ። ሞታ ነው? ወይስ አግብታ ሌላ ቀበሌ ሄዳ ነው?

እዚህ ላይ ወደ ዳንግላ ጎራ እንበል። የዳንግላ አባሎቻችን እንደምታውቁት ከተማችሁ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ሜጀር ቺዝማን የተባለው ቆንስል ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ተቀምጦባታል፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይም መጽሐፍ ጽፏል። በእሱ አገር ሴቶች ለፓርላማ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1918 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም 30 ዓመት የሞላቸውና የንብረት መስፈርት ያሟሉት ብቻ። ከወንዶች እኩል የሆኑት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ቺዝማን ዳንግላ ሲገባ በአገሩ የሃያ አምስት ዓመት ሴት አትመርጥም ነበር ማለት ነው። ዛሬ በዚያ አገር ቤተሰቡን የሚፈልግ ሰው የድሮ የመራጮችን መዝገብ ይገልጣል፤ ለንደን ያለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከ1947 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉትን አሟልቶ ይዟል። አያታቸውን በ1918ቱ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የሚያገኟት ብዙዎች ናቸው። ግን አንድ ችግር አለባቸው፤ እዚያ ያገባች ሴት በባሏ የቤተሰብ ስም ስለምትጻፍ የማን ልጅ እንደሆነች ከመዝገቡ አይታወቅም።

በእኛ ዘንድ ይህ ችግር የለም። የእኛ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም ሲጻፍ በአንድ መስመር ላይ ሦስት ትውልድ ተቀመጠ። እኛ እንደምንገምተው ለዘር ሐረግ ፈላጊ ከዚህ የሚሻል መስመር የለም። ይህን ዕድል አቅልለን ማየት የለብንም።

ታዲያ እንዴት ይነበባል? በመጀመሪያ የዕድሜውን ነገር እንያዝ። መራጭ ለመሆን በንጉሡ ጊዜ 21፣ ዛሬ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1950 ዓ.ም. የተመዘገበች ሴት ቢያንስ በ1929 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በፊት ተወልዳለች፤ በ1987 ዓ.ም. የተመዘገበች ደግሞ በ1969 ወይም ከዚያ በፊት። የተጻፈው ዕድሜ ግን ብዙ አይታመንም። በእኛ አገር መዝገብ ላይ ሰው ሁሉ 30፣ 35፣ 40፣ 50 ነው፤ 43 ወይም 57 የሚባል የለም ማለት ይቻላል። ግምት ነውና። የሚሻለው በሚታወቅ ነገር ማስላት ነው። «ጣሊያን ሲገባ ጡት ትጠባ ነበር» ከተባለ 1928 አካባቢ፣ «ጣሊያን ሲወጣ» ከተባለ 1933፣ «መሬት ላራሹ ሲታወጅ የበኩር ልጇን ታቅፋ ነበር» ከተባለ 1967 ዓ.ም. ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩት። ሁለቱ በአምስት ዓመት ቢለያዩ አትደንግጡ።

ቀጥሎ የፊደሉ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን ስታዩ ኃይሉን በሦስቱም «ሀ»፣ ዓለሙን በሁለቱም «አ»፣ ፀሐይን በሁለቱም «ጸ» ፈልጉ። መዝጋቢው የትኛውን እንደወደደ አይታወቅም። የእኛ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። አውኚ በአማርኛ የሌለ በአፍንጫ የሚነገር ድምፅ አለው፤ ዛሬ በ«ጝ» ይጻፋል። የድሮው ጸሐፊ ይህ ፊደል አልነበረውምና አንዱ በ«ን»፣ ሌላው በ«ኝ»፣ ሦስተኛው በ«ንግ» ቢጽፈው አይፈረድበትም። የአውኚ ስም ያላቸው አያቶች በመዝገብ ላይ የአማርኛ ስም ይዘው ቢገኙም እንዲሁ። የክርስትና ስም ሌላ፣ የቤት ስም ሌላ፣ አማት ያወጣችው ስም ሌላ ነው። ስለዚህ ስም አንድ ብቻ አትጠይቁ፤ «እማማ በልጅነትዎ ማን ይሉዎት ነበር? ሲያገቡስ ማን ተባሉ? ቄሱስ ማን ብለው ያቆርብዎታል?» ብላችሁ ሦስቱንም ያዙ። ከሁሉም አስቀድሞ ግን መልካም ቡና አፍሉ፤ ባዶ እጅ የሄደ ጠያቂ የሚያገኘው ስም አንድ ብቻ ነው።

እህትማማቾችን ማግኘት ከፈለጋችሁ የግል ስሙን ተዉትና የአባትና የአያቱን ጥምረት ተከተሉ። አንድ የምርጫ ጣቢያ የሚይዘው ሕዝብ ውስን ነው፤ በአሁኑ ሕግ እስከ 1,500 መራጭ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድ ዓይነት የአባትና አንድ ዓይነት የአያት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ እህትና ወንድም ናቸው። ሁልጊዜ አይደለም፤ «በላይ አለሙ» የሚል አባት በአንድ ቀበሌ ሦስት ሊኖር ይችላል። ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ ደግሞ የባሏን ቀበሌ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ስትገኝ የባሏ ዘመዶች መካከል የማይመሳሰል የአባት ስም ይዛ ትታያለች፤ እንግዳ መሆኗ ራሱ ምልክት ነው።

ሌላው የቦታ ስም ነው። የዛሬው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በንጉሡ ዘመን በዚህ ስም አልነበረም። አገው ምድር አውራጃ ተብሎ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ደብረ ማርቆስ ነው። ቻግኒ ደግሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስለዚህ የቻግኒ ሰው አያቱን «አገው ምድር» በሚል ርዕስ ሥር ሲፈልግ ቢውል ቀኑ በከንቱ ይመሻል። ቀበሌዎችም ተዋህደዋል፣ ተከፍለዋል፣ ስም ለውጠዋል። ከመዝገቡ በፊት የቀበሌውን የድሮ ስም ከሽማግሌ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ስሟ መዝገብ ላይ ያልተገኘች ሴት አልነበረችም ማለት አይደለም። በአገራችን ለምርጫ መመዝገብ በፈቃድ ነው፤ እንደ አውስትራሊያ ግዴታ አይደለም። ደግሞም በጎጃም መጻፍና መገበር ተለያይተው የታዩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ላይ ሲነሣ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» የሚል ፍርሃት ነበር። ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ በኋላም ውዝፉ ግብር ተሰረዘ። በዓመቱ፣ በ1961፣ ምርጫ መጣ። መዝጋቢ ደብተር ይዞ ደጅ ሲቆም ስሙን ለመስጠት ያመነታ ቢኖር፣ ሚስቱንና ልጆቹን ያልጠራ ቢኖር ይገርማል? ስለዚህ የአያታችን ስም ከዝርዝሩ ቢጠፋ ያ ራሱ የጊዜውን ወሬ ይነግረናል።

ስለ አጠያየቁ ትንሽ እንበል፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁን ይህን ነውና። ምዝገባ በሚካሄድበት ጊዜ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ እንዲታይ ይደረጋል፤ ስሙ የተዛባበት እንዲያስተካክል፣ የማይገባው ገብቶ እንደሆነ ሌላው እንዲቃወም ነው። ያን ጊዜ ሄዳችሁ የራሳችሁን መስመር አንብቡ። የአባታችሁ ስም ትክክል ነው? የአያት ስም ተጽፏል? ፊደሉ ከይዞታ ደብተራችሁና ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ ነው? ዛሬ አንድ ፊደል ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጃችሁ የፍርድ ቤት ምልልስ ይሆናል። አሮጌውን መዝገብ የሚፈልግ ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነጻነት አዋጅ ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ የሌላ ሰውን የግል መረጃ ግን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ። ስለዚህ «የእናቴን የእገሊትን፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቀበሌ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። በደፈናው «መዝገቡን አሳዩኝ» አትበሉ።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገን የምንናገረው አለን። የተለጠፈ ዝርዝርን በስልክ እያነሡ መበተን ክልክል ይሁንልን። በዚያ ወረቀት ላይ የጎረቤታችን ዕድሜና መኖሪያ አለ። ከባሏ ሸሽታ ሌላ ከተማ የተቀመጠች ሴት ስም አለ። እሷን የሚፈልጋት ሁሉ በደግ አይፈልጋትም። የራሳችንን እንፈልግ፤ የሌላውን እንተወው።

የምርጫ መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌሎች ጋር ሲጋጠም ነው የሚናገረው። ለእኛ ለሴቶች ከሁሉ ቅርቡ የይዞታ ደብተር ነው። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲሰፍር፣ ፎቶግራፋቸውም እንዲለጠፍ ተደርጓል። ለብዙ እናቶቻችን በሕይወታቸው የተነሡት የመጀመሪያ ፎቶ እሱ ነው። አንዳንዶቻችሁ እናታችሁ ካረፉ በኋላ ለመታሰቢያ የሚሆን ፎቶ ስታጡ ያስባዛችሁት ከዚያው ደብተር ነው፤ እናውቃለን። የእድር ደብተር የሞት ዓመት ይሰጣል። የነፍስ አባታችሁ የክርስትና ስሙን ያውቃሉ። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል።

በዚህ የልደት ወረቀት ላይ ከምርጫ መዝገቡ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ የእናት ስም። ልብ ብላችኋል? የምርጫው መስመር ሦስት ትውልድ ቢሰጠንም ሦስቱም ወደ አባት ይወጣል። እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ። እናቴ የለችበትም። እሷን ለማግኘት የእሷን የራሷን መስመር መፈለግ ያስፈልጋል፤ የእናቷን ለማግኘት ደግሞ ሌላ መስመር። መስመሩን ከመስመሩ የሚያገናኘው «ይህቺ የዚያች ልጅ ናት» የሚል አፍ ነው። ያ አፍ ደግሞ ዛሬ ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንና ደጋፊዎቻችን በዚህ ጉዳይ በተለይ ታስቡናላችሁ። እዚያ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆንና ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። ከእንጅባራ የሄደች ሴት ልጅ የልጅ ልጅ «አያቴ ማን ትባላለች?» ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት ወረቀት ከዚህ ካልሄደ ከየትም አይመጣም። ስልክ ስትደውሉ ከጤና ጥያቄው ቀጥሎ አንድ ስም ጠይቁን።

ስለዚህ ኮሚቴያችን አንድ ደብተር አዘጋጅቷል። ለእያንዳንዷ አባል ሁለት ገጽ አለ። በመጀመሪያው ገጽ የራሷ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የክርስትና ስሟ ከፈቀደች፣ የትውልድ ቀበሌዋ በድሮም በዛሬም ስሙ፣ በእጇ ያለው ወረቀት ዓይነትና ዓመቱ ይጻፋል። ሁለተኛው ገጽ የእናት ነው። እናት፣ የእናት እናት፣ የእሷ እናት እየተባለ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ለእያንዳንዷም የአባቷ ስም ከጎን የሚሞላበት። ደብተሩ የሚቀመጠው ከቁጠባው ሣጥን ጋር ነው፤ እንደ ቁጠባው ሁሉ ሦስት ቁልፍ ያዥ አለው፤ ባለቤቷ ካልፈቀደች ገጿ ለማንም አይነበብም። መጻፍ ለማትችሉ እናቶች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጆቻችን ተመድበዋል፤ የእጅ ጽሑፋቸውን አይተን ነው የመረጥናቸው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እንጅባራና ዳንግላ ለየብቻቸው ይጀምራሉ። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እናቶች ቀድመው ይጻፋሉ፤ መምጣት ለማይችሉት ጸሐፊዋ ቤታቸው ትሄዳለች። ስትመጡ አሮጌ የመራጭነት ካርድ፣ የይዞታ ደብተር፣ የእድር ደረሰኝ፣ የቆየ መታወቂያ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ። ዋናውን ማንም አይወስድባችሁም፤ አይተን፣ ገልብጠን እዚያው እንመልሳለን። በጨርቅ የተጠቀለለውን በጨርቁ ይዛችሁ ኑ፤ ዝናብ ስላለ ላስቲክ ደርቡበት።